«ማን አለሽና ነው የምትሄጂው?»

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። ዕድሜዬ 28 ነው፣ የምኖረው ጅማ ነው። እናቴ የሞተችው የ6 ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው፤ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ምግብም ትምህርትም አልከለከለችኝም። ባሏ ግን በትንሽ በትልቁ በኤሌክትሪክ ገመድ ይገርፈኝ ነበር። አንዴ ስኳር ሰረቅሽ ተብዬ በርበሬ ታጠንኩ። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር። በ17 ዓመቴ ከዚያ ቤት ልውጣ ብዬ አንድ ሹፌር አገባሁ። እሱም ይመታኝ ስለነበር ከ3 ዓመት በኋላ ጥዬው ወጣሁ። አሁን ካለሁት ሰውዬ ጋር አብረን መኖር ከጀመርን 5 ዓመት ሆነን፣ የ4 ዓመት ሴት ልጅ አለችን። መጀመሪያ ላይ በጣም ጥሩ ነበር። ያሳለፍኩትን ሁሉ ነግሬዋለሁ፣ አልቅሶልኛል። ዘንድሮ ግን ሦስት ጊዜ መታኝ። «ስልኩን ቶሎ አላነሳሽም» ብሎ በጥፊ ሲለኝ የገረመኝ አለመደንገጤ ነው። እጄ ላይ የነበረውን የቡና ስኒ እንኳ አልጣልኩትም። ባለፈው «እሄዳለሁ» ስለው «ማን አለሽና ነው የምትሄጂው?» አለኝ። እውነቱን ነው። ጓደኞቼ ደግሞ «አንቺን የሚስብሽ እንደዚህ ዓይነት ወንድ ነው» ይሉኛል። እውነት እኔው ነኝ እየመረጥኩ የማመጣው? ወይስ ዕድሌ ነው?
ስሜ ይቆይ

መልስ፦ እህቴ፣ ከስኒው ልጀምር።

ስኒውን ያልጣልሽው ስለማይሰማሽ አይደለም። እንደዚያ እንድትሆኚ ያስተማረሽ ቤት አለ። እዚያ ቤት ጮክ ብሎ ማልቀስ ተጨማሪ ገመድ ያመጣ ነበር፤ ዝም ማለት ግን ቶሎ ያስጨርሳል። ያ ዝምታ ያኔ ጠቅሞሻል። ለሌላዋ ሴት የመጀመሪያው ጥፊ ዱብ ዕዳ ነው፣ ጮኻ ጎረቤት ትሰበስባለች፤ ለአንቺ ግን ከልጅነትሽ ጀምሮ የምታውቂው ነገር ነው፣ ስለዚህ ስኒሽን ይዘሽ ቆምሽ።

ጓደኞችሽ ያሉት ልክ አይደለም። ለክፋት እንዳላሉት አምናለሁ፣ ግን ልክ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር ብለሽ የጻፍሽው ራስሽ ነሽ። የሚማታ ወንድ እኮ በመጀመሪያው ቀን ዱላ ይዞ አይመጣም፤ ማኪያቶ ጋብዞ፣ ታሪክሽን ሰምቶ፣ አብሮሽ አልቅሶ ነው የሚገባው። አንቺ የመረጥሽው ያንን ሰው ነው። መምታትን የመረጠው እሱ ነው።

ግን ዝም ብሎ አጋጣሚ ነውም አልልሽም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ በሳን ዲዬጎ ከ8,600 በላይ አዋቂዎችን ስለ ልጅነታቸው ጠይቆ ነበር። በልጅነት መደብደብ፣ የወሲብ ጥቃት፣ እናት ስትደበደብ ማየት፤ እነዚህ ሦስቱ እያንዳንዳቸው ኋላ በትዳር ወይም በፍቅር ጓደኛ የመጠቃትን አደጋ ወደ እጥፍ ገደማ ያሳድጉታል። ሦስቱም በደረሰባቸው ሴቶች ላይ ደግሞ ሦስት ተኩል እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። አደጋው ከፍ ይላል ማለት ግን የግድ ይደርስባቸዋል ማለት አይደለም። እንዳንቺ አድገው ዛሬ በሰላም የሚኖሩ ሴቶች አሉ። ስለዚህ ዕድል አትበዪው።

እኔን ከደብዳቤሽ ውስጥ የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። «ማን አለሽና?» ያለሽ ነገር።

በእኛ አገር አንዲት ሴት ባሏ እጁን ቢያነሳባት የት ነው የምትሄደው? አባቷ ቤት፣ ወንድሞቿ ጋ። እናቷ ጓዳ ሁለት ሦስት ቀን ትከርማለች፣ ባልየው ሽማግሌ ይልካል፣ «ልጃችን ምን አደረገችህ?» ይባላል፣ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። መልሰው ሲልኳት የሚሠሩት ስህተት ብዙ ነው፣ እሱን ከታች እመለስበታለሁ። ቢያንስ ግን ጠያቂ እንዳላት ያውቃል። አንቺን የገረፈሽ ግን ጠያቂ ይሆንሻል የተባለው ቤት ራሱ ነው። የገመዱ ሰንበር ጠፍቶ ይሆናል፤ የምትመለሺበት ቤት ግን ያኔ ነው የተወሰደብሽ። በ17 ዓመትሽ ያገባሽው ባል አምሮሽ አይደለም፣ መውጫ በር ፈልገሽ ነው። አሁን ያለው ሰውዬም ይህን ያውቃል፣ ራስሽ ነግረሽዋልና። ያኔ ያለቀሰለትን ታሪክ ዛሬ መልሶ መምቻ አደረገው። ይህ በጣም አናዶኛል።

ስለዚህ ያንቺ ሥራ አሁን ጠያቂ ማብጀት ነው። ለመጀመር አንድ ሰው ይበቃል። አብረሽ እቁብ የምትጥያት ትሁን፣ የሥራ ባልደረባሽ ትሁን፣ ብቻ ሌሊት ስትደውዪላት ስልክ የምታነሳ፣ ወሬም የማታዞር። ሦስቱንም ጊዜ ከነቀኑ ንገሪያት። ስልክሽን እሱ የሚያየው ከሆነ ቴክስት አትላኪላት፣ በአካል አግኚያት። መታወቂያሽን፣ የልጅሽን የልደት ወረቀትና የክትባት ካርድ፣ ለባጃጅና ለጥቂት ቀን የሚሆን ብር እሷ ጋ አስቀምጪ። እሱን ግን ከእንግዲህ «እሄዳለሁ» አትበዪው። ለሴት በጣም አደገኛው ጊዜ ልትለይ ስትልና ገና እንደተለየች ነው። አንድ ጊዜም ቢሆን አንገትሽን አንቆሽ ከነበረ ደግሞ ቀን አትቁጠሪ። ማነቅ ነገሩ ወደ ግድያ ሊሄድ እንደሚችል ከሚያሳዩ ከባድ ምልክቶች አንዱ ነው።

ከተመታሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ ሄደሽም «ወደቅኩ» አትበዪ። ማን እንደመታሽ ተናገሪ፣ ይጻፍ። ወረቀቱ ነገ ማስረጃ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን መደብደብ ወንጀል ያደርገዋል፤ ሳይፈራረሙ አብረው የሚኖሩትንም ይጨምራል። «ሰውዬ» እንጂ ባል ስላላልሽው ነው ይህን የምነግርሽ። ለውስጥሽ ቁስል ደግሞ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ሰው ምን ይለኛል ብለሽ አትቅሪ።

ልጅሽ 4 ዓመቷ ነው። በጥፊ ሲልሽ የት ነበረች? የምጠይቅሽ ልወቅስሽ አይደለም። በሩ ላይ ቆማ የነበረችው አክስትሽ ከ20 ዓመት በኋላም ደብዳቤሽ ውስጥ ስላለች ነው። አንቺ እንደ እሷ ዝም አላልሽም፤ ይኸው ጻፍሽ።

ጥያቄ፦ የ61 ዓመት ሰው ነኝ፣ በሰፈራችን ሽማግሌ ነኝ። አንድ ባልና ሚስት ሁለቴ አስታርቄያለሁ። ልጅቷ ወላጅ የላትም፣ በሰው ቤት ነው ያደገችው። ነገ ማታ ለሦስተኛ ጊዜ ልንቀመጥ ነው። ዛሬ ሳያት ፊቷ አብጧል። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ አባቴ፣ መጠየቅዎ ራሱ ደስ ብሎኛል። በድፍረት ልናገርና፣ ይህ እርቅ የሚያስፈልገው ጠብ አይደለም። አንዱ ይመታል፣ አንዷ ትመታለች። ሁለቴ «ቻይው፣ ትዳር ነው» ብላችሁ መልሳችኋት ከሆነ፣ በሰው ቤት ሳለች የለመደችውን ነው የደገማችሁላት።

እሷም ጉባኤ ፊት «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ልትል ትችላለች፣ አይመኗት። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከኢትዮጵያ ሴቶች 63 ከመቶ ባል ሚስቱን ቢመታ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ተገቢ ነው ብለው መልሰዋል። ከቀረቡላቸው ምክንያቶች አንዱ ምግብ ማሳረር ነበር። ወንዶቹ 28 ከመቶ ብቻ ናቸው። ገና በልጅነቷ «አጥፍተሽ ነው» እየተባለች የተገረፈች ልጅ፣ እናንተ ፊት ሌላ ምን ትላለች?

ነገ ከእሱ ጋር ጎን ለጎን አያስቀምጧት። ባለቤትዎ ባሉበት ለብቻዋ ያናግሯት፤ መመለስ ትፈልግ እንደሆነ ይጠይቋት። አልፈልግም ካለች ማደሪያ ይፈልጉላት፤ ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ ካለችም አብረዋት ይሂዱ። ባልየውን ሲያናግሩ እሷ ያለችዎትን አንድም ቃል አያንሱበት፣ ማታ ቤት ሲገቡ ዕዳው በእሷ ላይ ነው የሚመጣው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ እብጠቱ ሳይጠፋ፣ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይውሰዷት።