ጨርቁ ላይ የሚቀረው ጥቁር

ዘንድሮ ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱንን የጓዳ ጥያቄዎች ስናያቸው አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ ታጥቦ፣ ተፈትጎ፣ ደርቆ ሳለ ጨርቅ ሲያሳልፉበት ጥቁር ስለሚለቅ ዕቃ። ጥቁር ሁሉ ግን አንድ አይደለም። አንዱ መነሳት ያለበት ነው፣ አንዱ በስለት የማይገኝ ነው። መጀመሪያ ብረቱን ይለዩ፦ ማግኔት ከያዘው ብረት ነው፤ ካልያዘው ደግሞም ቀላልና ነጣ ያለ ከሆነ አሉሚኒየም ነው።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም። የአሉሚኒየም ድስቴ ከተገዛ ሁለት ወር አልሞላውም። እንቁላል ቀቅዬበት ውሃው እስከደረሰበት ድረስ ውስጡ ጠቆረ። በአመድ ፈተግሁት፣ በበረኪና ዘፍዝፌ አሳደርሁት፤ ጭራሽ ባሰበት። አሁን ደረቅ ፎጣ ሳሳልፍበት ግራጫ ነገር ይለቃል። ሻጩ ደህና ዕቃ ነው ብሎኝ ነበር። መርዝ ይሆን? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም። አብሽሩ፤ ድስቱም አልተበላሸ፣ ሻጩም አልዋሸ። አሉሚኒየም አየር ሲነካው በዓይን የማትታይ ስስ ቆዳ ያወጣል። ብረቱን ከምግቡ የምትለየው እሷ ናት። ይህች ቆዳ በጣም የሚኮመጥጥ ነገር ይጎዳታል፤ እንደ አመድ ውሃና እንደ በረኪና ያለው ደግሞ የባሰ ይጎዳታል። ማዕድን ያለበት ውሃ ሲፈላ የሟሟበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወጣ ይሄድና ውሃው ወደ አመድ ውሃ ባሕርይ ያዘነብላል። ያኔ ቆዳዋ ትወፍራለች፣ ትጠቁራለች። ጥቁሩ ውሃው የደረሰበት መስመር ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው ለዚህ ነው። እንቁላሉ ጥፋት የለበትም፤ ባዶ ውሃ ቢያፈሉበትም ይኸው ነበር የሚሆነው።

ነገሩን ያባሰው መድኃኒት የተባለው ነው። አመድና በረኪና ቆዳዋን በልተው ከሥር ያለውን ብረት ያገኙታል፤ አመዱ ላይ ፍትጊያ ሲጨመርበት ደግሞ ይልጠዋል። ፎጣው ላይ የቀረው ግራጫ የዚያ ልጣጭ ዱቄት ነው። በፈተጉት ቁጥር አዲስ ዱቄት ስለሚወጣ በመፈተግ አያልቅም።

ከሁሉ በፊት ድስቱን በብዙ ውሃ ደጋግመው ያለቅልቁት፣ የበረኪና ሽታ ጨርሶ መጥፋት አለበት። በረኪና ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር ከተገናኘ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ጠባብ ጓዳ ውስጥ ሳንባ የሚጎዳ ነገር ነው። ከዚያ ከጥቁሩ መስመር ሁለት ጣት ከፍ እስኪል ውሃ ይሙሉበት፤ ለአንድ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ወይም አቼቶ ይጨምሩ። ተጨምቆ የተጣለ የሎሚ ልጣጭም ይሆናል፤ ለአንድ ሊትር የአራት ሎሚ ያህል። ኮምቦልቻ ላይ ከፈላ በኋላ 10 ደቂቃ ይበቃል። ደሴ ያላችሁ 15 አድርጉት፤ ከተማው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፣ እሳት ቢጨምሩበትም ከዚያ አይሞቅም። ውሃውን ደፍተው በለስላሳ ስፖንጅና በፈሳሽ ሳሙና ያሹት፣ ወዲያው ያድርቁት። ኮምጣጣውን ውሃ ግን አያሳድሩበት፤ ያ ደግሞ በራሱ መንገድ ይበላዋል።

ስለ መርዝነቱ፦ ጥቁረቱ ራሱ አይጎዳዎትም፤ መልኩን የሚጠሉት ከሆነ ብቻ ያንሱት። ቲማቲም የበዛበት ወጥ ወይም ሎሚ የገባበት ነገር አሉሚኒየም ውስጥ ባያሳድሩ ይመረጣል፤ አሉሚኒየሙ እየሟሟ ወደ ምግቡ ይገባል። በእኛ እይታ ከጥቁረቱ ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባው ከየቦታው በተለቀመ ቁርጥራጭ ቀልጦ የተሠራ ወፍራም ድስት ነው። አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ነው፤ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ግን በ327 ዲግሪ። አሮጌ የሞተር ዕቃና ራዲያተር አብሮ ሲቀልጥ ውስጡ የነበረ እርሳስ ድስቱ ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ ምንም ዓይነት እጥበት አያወጣውም። ምን እንደገባበት የማይታወቀውን ድስት እህል ማስቀመጫ ያድርጉት፣ ወጥ አይሥሩበት።

ጥቁር ሳይሆን እንደ መርፌ የተወጋ ነጠብጣብ ካዩ ደግሞ ጨው ነው። ጨውን ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ጨምረው ሲተዉት ሥር ላይ ተኝቶ ብረቱን ይቦረቡራል። ውሃው ሲፈላ ጨምረው ያማስሉት።

ጥያቄ፦ ቡና የምቆላበት ብረት ምጣድ በኦሞ ታጥቦ እርጥቡን አደረና ዛገ። ዝገቱን በሽቦ አነሳሁት። ከዚያ ወዲህ ቡናው ላይ ጥቁር ቅርፊት ይቀራል፤ ዘይት ብቀባውም ይጣበቃል እንጂ አይሻለውም። (ከደሴ፣ አራዳ)

መልስ፦ አዲስ የሸክላ ምጣድ በጎመን ዘር እንደሚሟሽ ሁሉ ብረት ምጣድም ይሟሻል። ሥራው አንድ ነው፤ ዘይቱ በሙቀት ደርቆ፣ ተያይዞ እንደ ቀለም ይጠነክራል። በደንብ የተሟሸ ምጣድ ጥቁር፣ ደረቅና ለስላሳ ነው፤ በነጭ ጨርቅ ቢያሹት እምብዛም አይለቅም። ያ ጥቁር እንዳይነካ። የእርስዎን ግን ኦሞውና ሽቦው ከቦታ ቦታ አነሱት፣ የቀረው ዳር ዳሩን እየተሰነጠቀ ቡናው ላይ ይረግፋል። ስለዚህ መጠገን ሳይሆን አንስቶ እንደ አዲስ ማሟሸት ነው የሚያዋጣው።

ሁለት የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ጨው ምጣዱ ላይ አድርገው በወፍራም ጨርቅ እየተጫኑ ያሹት፤ የላላው ሁሉ ይነሳል። ዝገት ከቀረ አቼቶና ውሃ እኩል ለእኩል ቀላቅለው ያፍሱበት፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ አያቆዩት፤ ከቆየ ደህናውን ብረትም መብላት ይጀምራል። በሽቦ አሽተው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በሟሟበት አንድ ሊትር ውሃ አለቅልቀው፣ ወዲያው እሳት ላይ ይጣዱት። በዓይን ደረቀ ማለት አይበቃም፤ እጅ እስኪያቃጥል ይሙቅ።

አሁን ዘይቱ። አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ፤ ውስጡን፣ ጀርባውን፣ ጆሮውን ይቀቡ። ከዚያ በሌላ ደረቅ ጨርቅ፣ በስህተት የተቀባ ይመስል፣ ሁሉንም ይጥረጉት። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚጣበቅብዎት ዘይት ስለበዛ ነው፤ ወፍራሙ ዘይት ላዩ ይደርቅና ውስጡ ሙጫ ሆኖ ይቀራል። የተጠረገውን ምጣድ መካከለኛ እሳት ላይ ጭሱ እስኪያቆም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያቆዩት፣ ያቀዝቅዙት፣ ይድገሙት። ሦስት አራት ዙር ያስፈልጋል። መስኮት ይክፈቱ።

የዘይቱ ዓይነት ለውጥ ያመጣል። ኑግ፣ ተልባና ጎመን ዘር በሙቀት የሚደርቁ ናቸው። የሚረጋው የፓልም ዘይት አይደርቅም፣ እየተለጠፈ ይኖራል። ቅቤማ ይቅር፤ ውስጡ ያለው የወተት ቅሪትና ቅመም አሮ ያ የሚጠሉትን ቅርፊት ራሱን ይሠራል።

ቡናውን እዚያው ምጣዱ ላይ ማጠብ የብዙ ቤት ልማድ ነው፤ ለተሟሸ ብረት ግን ጠላት ነው። በሌላ ዕቃ አጥበው፣ ውሃውን አንጠፍጥፈው ይቁሉት። ቆልተው ሲጨርሱ ገለባውን አራግፈው ገና ሳይበርድ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ሳሙና አያሻውም። ሽንኩርትና በርበሬ የሚነካው ምጣድ ሌላ ይሁን፤ ቡና ሽታ አይደብቅም።

ጥያቄ፦ ለረመዳን ሳምቡሳ ሥጋ የምፈጭበት የእጅ መፍጫ መጀመሪያ የሚወጣው ሥጋ ላይ ጥቁር ቅባት ይቀላቅላል። ታጥቦ ነው የሚቀመጠው። (ከደሴ)

መልስ፦ ማግኔት ይዞት ከሆነ በቆርቆሮ የተለበጠ ብረት ነው። የጥቁሩ ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ ቢላዋው ነው። ባለአራት ክንፉ ቢላዋ ጠፍጣፋና ስለታም ፊቱ ወደ ቀዳዳው ሰሌዳ መዞር አለበት። ተገልብጦ ከገባ ሥጋውን ይጨፈልቃል እንጂ አይቆርጥም። መዝጊያ ቀለበቱን ከልክ በላይ ሲያጠብቁት፣ ወይም ሥጋ ሳይገባ ባዶውን ሲያዞሩት ብረት ብረትን ይፈጫል፤ ጥቁሩ ቅባት ያ ነው። ቀለበቱን በእጅ ብቻ ይዝጉ።

ሲጨርሱ አንድ ቁራጭ ደረቅ ዳቦ ያሳልፉበት፣ የቀረውን ሥጋ ገፍቶ ይወጣል። ፈታተው መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይጠቡት፤ ሙቅ ውሃ ከቀደመ ደሙ ይበስልና ይጣበቃል። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይድገሙት፣ ምድጃ ዳር ያድርቁት፣ ቢላዋውንና ሰሌዳውን ጥቂት ዘይት ቀብተው ሳይገጥሙ በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡ። በሚቀጥለው ጊዜ ከሥጋው በፊት ዳቦ ያሳልፉና ይጣሉት። ልባጡ ተነስቶ ውስጡ ቀይ ዝገት ካወጣ ግን ዕድሜው አብቅቷል። ማግኔት ካልያዘው አሉሚኒየም ነው፤ ኦሞ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር ያጠቁረዋል።

ጥያቄ፦ ጥሩ የሚሳለው ቢላዋዬ ሎሚና ሽንኩርት በቆረጥኩበት ቁጥር ይጠቁራል። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ደንበኛ ካርቦን ብረት ነው ማለት ነው፤ የማይዝጉት እንደሱ አይሳሉም። ሰማያዊ ግራጫው ይኑር፣ ብረቱን ከቀይ ዝገት ይጠብቃል። ሎሚ እንደቆረጡ ብቻ ይጥረጉት። ቀይ ከታየ በወንፊት የተነፋ አመድ በእርጥብ ቡሽ እየነኩ ያሹት። አመድ ለድስቱ የተከለከለውን ያህል እዚህ ደህና ነው።

ጥያቄ፦ በባሕር ዛፍ እንጨት የምሠራበት ድስት ጀርባው ጥላሸት ነው፤ መፈተግ ሰለቸኝ። (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ ሳይጥዱት በፊት ጀርባውን በውሃ በረጠበ ደረቅ ሳሙና በስሱ ይለቅልቁት። ጥላሸቱ ሳሙናው ላይ ያርፋል፣ ሲታጠብ አብሮ ይወርዳል። እርጥብ እንጨት ደግሞ እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ ጥላሸት ስለሚያወጣ ሳሙናውም አይችለውም፤ ፍልጡ በደንብ ይድረቅ።