ክብረ ወሰኑ ቢሰበርም ሳቺን ቴንዱልካር ለምን አሁንም እንደዚያ ይከበራል?

ወንድማችን ዱባይ ውስጥ ከሕንዳውያን ጋር እንደሚሠሩ፣ ባልደረቦቻቸው ሳቺን ቴንዱልካርን «የክሪኬት አምላክ» እንደሚሉት፣ ነገር ግን ሌላው ሕንዳዊ መቺ ቪራት ኮህሊ ክብረ ወሰኑን ከሰበረው በኋላ ይህ ሁሉ አክብሮት ከልማድ ያለፈ ምክንያት ይኑረው አይኑረው እንዳልገባቸው ገልጸው ጠይቀዋል። ጨዋታውን የማያውቅ ሰው ከየት ቢጀምር እንደሚሻለውም ማወቅ ይፈልጋሉ። እኔ ክሪኬትን የተማርኩት ለከፍተኛ ትምህርት በሕንድ ፑኔ ከተማ በነበርኩበት ጊዜ፣ በተማሪዎች ማደሪያ የመመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ከነበረው ቴሌቪዥን ፊት፣ ከሕንዳውያን ጓደኞቼ ጋር ተቀምጬ ነው፤ ከዚያ ወዲህም መከታተሌን ስላልተውኩ የማውቀውን ላካፍል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የቁጥሩን ነገር ልጨርሰው። ሳቺን እስከ አምስት ቀን በሚዘልቀው የቴስት ክሪኬት 200 ጨዋታዎችን ተሰልፎ 15,921 ራን (የክሪኬት ነጥብ ማለት ነው)፣ በአንድ ቀን ዓለም አቀፍ ውድድሮች ደግሞ በ463 ጨዋታዎች 18,426 ራን አስቆጥሯል። ሴንቸሪ የሚባለውን፣ ማለትም በአንድ ተራ 100 እና ከዚያ በላይ ራን ማስቆጠርን፣ በቴስት 51 ጊዜ፣ በአንድ ቀን ጨዋታ 49 ጊዜ፣ በድምሩ 100 ጊዜ አድርጎታል። ኮህሊ ያለፈው 49ኙን ነው፤ ያውም ኖቬምበር 15 ቀን 2023 በሙምባይ ዋንኬዴ ስታዲየም፣ ሳቺን ከተመልካች መካከል ተቀምጦ ሳለ ነበር፤ ኮህሊም 50ኛውን እንዳስቆጠረ ወደተቀመጠበት ዞሮ እጅ ነሥቶታል። በቴስት ግን ኮህሊ በ2025 የተሰናበተው 30 ሴንቸሪ ይዞ ነው። ስለዚህ ክብረ ወሰኑ ተሰብሯል የሚለው አባባል በከፊል ብቻ ትክክል ነው። ሁሉም ነገ ቢሰበር እንኳ ግን የባልደረቦችዎ ስሜት ብዙም የሚለወጥ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም ያ ስሜት የተገነባው በቁጥሩ ሳይሆን ቁጥሩ በተሰበሰበበት ሁኔታ ነው።

ይህን ለመረዳት ስለ ጨዋታው አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ይበቃል። የእግር ኳስ አጥቂ ያለቀለት ጎል ቢስት ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሌላ ዕድል ሊያገኝ ይችላል፤ የክሪኬት መቺ ግን አንዲት ኳስ ብታመልጠውና ከኋላው የቆሙትን ሦስት እንጨቶች ብትመታ፣ ወይም የመታትን ኳስ መሬት ሳትነካ አንድ ተቃራኒ ቢቀልባት፣ ተራው በዚያው ያበቃል። ረጅም ሰዓት መቆየት ማለት በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ የሚወረወሩ ኳሶችን ጭምር አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሳሳቱ መመለስ ማለት ነው። ሳቺን ይህን ሥራ ከ16 ዓመቱ እስከ 40 ዓመቱ ሠርቶታል።

የተወለደው ኤፕሪል 24 ቀን 1973 በዛሬዋ ሙምባይ ነው። (በነገራችን ላይ ከኃይሌ ገብረ ሥላሴ የሚያንሰው በስድስት ቀን ብቻ ነው።) አባቱ ራሜሽ ቴንዱልካር በማራቲ ቋንቋ የሚጽፉ ደራሲና መምህር ነበሩ። ወደ አሠልጣኙ ራማካንት አችሬካር የወሰደው ታላቅ ወንድሙ አጂት ሲሆን፣ ልምምዱም በዳዳር ሰፈር በሚገኘው ሺቫጂ ፓርክ ነበር። አሠልጣኙ ልጁ ሲደክመው በእንጨቶቹ አናት ላይ የአንድ ሩፒ ሳንቲም ያስቀምጡና ከጨዋታ ውጪ ያደረገው ወርዋሪ እንዲወስዳት፣ ማንም ካላሸነፈው ግን ለራሱ እንድትሆን ያደርጉ ነበር፤ ሳቺን በዚህ መንገድ 13 ሳንቲሞች አግኝቶ እንደ ውድ ዕቃ አስቀምጧቸዋል። በ1988 በአንድ የትምህርት ቤቶች ውድድር ከጓደኛው ከቪኖድ ካምብሊ ጋር ማንም ሳያስወጣቸው አብረው 664 ራን ሲያስቆጥሩ ስማቸው ከከተማው አልፎ በአገሩ ተሰማ።

ከፑኔ በባቡር ወደ ሙምባይ በሄድኩበት አጋጣሚ ሺቫጂ ፓርክን አይቼዋለሁ። ሣሩ ብዙ ቦታ ተመልጦ ቀይ አፈሩ የሚታይ ሰፊ ሜዳ ነው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ጨዋታዎች ጎን ለጎን ስለሚካሄዱ የአንዱ ጨዋታ ኳስ ጠባቂ የቆመው በሌላው ጨዋታ መካከል ነው፤ ከየትኛው ወገን እንደምትመጣ የማትታወቅ ኳስ በጆሮው አጠገብ ስታልፍ ዘወር ብሎ የሚያይ ልጅ የለም። ከቁመታቸው የማያንስ የዕቃ ቦርሳ ያነገቡ ሕፃናት ከከተማው ባቡር እየወረዱ ወደዚያ ሲጎርፉ ያየ ሰው፣ የሳቺን ትኩረት ከየት እንደመጣ ለመገመት ብዙ አይቸገርም።

ለሕንድ ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈው በኖቬምበር 1989 ካራቺ ላይ፣ ከፓኪስታን ጋር ሲሆን፣ በዚያው ጉዞ ሲያልኮት ላይ የፓኪስታኑ ወርዋሪ የዋቃር ዩኒስ ኳስ አፍንጫውን መትታው ደሙ እየፈሰሰ ሜዳውን ለቅቆ አልወጣም፤ በዚያም ተራ 57 ራን አስቆጠረ። በ17 ዓመቱ ማንቸስተር ላይ የመጀመሪያውን የቴስት ሴንቸሪ፣ በ18 ዓመቱ ደግሞ ኳስ እጅግ በሚነጥርበት የአውስትራሊያው ፐርዝ ሜዳ 114 ራን አገኘ። ይህ ሁሉ የሆነው ሕንድ በ1991 ኢኮኖሚዋን መክፈት በጀመረችበት፣ የሳተላይት ቴሌቪዥን በየቤቱ መግባት በያዘበት ወቅት ነው። የዚያን ዘመን የብሔራዊ ቡድን ድካም ያልታዘበ ሰው ይህን ነጥብ ያልፈዋል፤ በ1990ዎቹ ሳቺን ከወጣ ቡድኑ እንደተሸነፈ ይቆጠር ስለነበር፣ እርሱ ከጨዋታ ውጪ ሲሆን ቴሌቪዥኑን አጥፍተን እንተኛ ነበር ያሉኝ ሕንዳውያን ብዙ ናቸው።

እርስዎ ካሉበት ከተማ ብዙም በማይርቀው በሻርጃ ስታዲየም በኤፕሪል 1998 የሆነው ነገር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሕንድ ከአውስትራሊያ ጋር እየተጫወተች ሳለ የአሸዋ ማዕበል ተነሥቶ ተጫዋቾቹ መሬት ላይ እስኪተኙ ድረስ ጨዋታው ተቋረጠ። ሲቀጥል ሕንድ ለማሸነፍ 276፣ ባታሸንፍም ለፍጻሜ ለማለፍ 237 ራን ያስፈልጋት ነበር። ሳቺን በ131 ኳሶች 143 አስቆጠረ፤ ጨዋታውን በ26 ራን ቢሸነፉም ሕንድ ለፍጻሜ አለፈች። ከሁለት ቀን በኋላ፣ 25 ዓመት በሞላው ዕለት፣ በፍጻሜው 134 ራን አስቆጥሮ ዋንጫውን አስገኘ። ከባልደረቦችዎ መካከል በዚያን ጊዜ ባሕረ ሰላጤው አካባቢ ይሠራ የነበረ ሰው ካለ ስታዲየሙ ውስጥ የነበረ የቅርብ ሰው አያጣም።

ይህ ሸክም ምን ያህል ከባድ እንደነበረ የሚያሳየው ግን ድሉ ሳይሆን በጃንዋሪ 1999 ቼናይ ላይ ከፓኪስታን ጋር የተደረገው ቴስት ነው። ሕንድ ለማሸነፍ 271 ራን ያስፈልጋት ሳለ ገና 82 ላይ አምስት መቺዎቿን ካጣች በኋላ ሳቺን ጀርባውን እያመመው 136 አስቆጠረና 17 ራን ብቻ ሲቀር ከጨዋታ ውጪ ሆነ። ከእርሱ በኋላ የቀሩት ተጫዋቾች አራት ራን ብቻ ጨምረው ሕንድ በ12 ራን ተሸነፈች። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር፣ የዓለም ዋንጫ በእንግሊዝ ሲካሄድ፣ አባቱ ሞቱ፤ ለቀብር ወደ ሙምባይ በርሮ ከተመለሰ በኋላ ብሪስቶል ላይ ከኬንያ ጋር 140 ራን አስቆጥሮ ሳይወጣ ጨረሰ።

ለእኔ ግን ታላቅነቱ ከሁሉ በላይ ጎልቶ የሚታየው በጃንዋሪ 2004 ሲድኒ ላይ ነው። በዚያ የአውስትራሊያ ጉዞ ከሲድኒ በፊት ያገኘው ውጤት 0፣ 1፣ 37፣ 0 እና 44 ነበር፤ ወርዋሪዎቹ ከእንጨቶቹ ወጣ ያለች ኳስ እየሰጡ፣ እርሱም ከቨር ድራይቭ በተባለውና ከሁሉ በሚያምርለት ምት ሊያሳድዳት ሲሞክር እያጠመዱት መሆኑን ተገንዝቦ ነበር። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ለመፈጸም ግን እጅግ የሚከብድ ነበር፤ ያን ምት ጨርሶ ተወው። ከአሥር ሰዓት በላይ በቆመበት ተራ፣ 436 ኳሶችን ሲያስተናግድ፣ ወርዋሪዎቹ እያባበሉ የሰጡትን ሁሉ መምቻውን አንሥቶ እያሳለፈ፣ በሚመቸው ወገን እስኪወረውሩለት ድረስ እየጠበቀ፣ 241 ራን አስቆጥሮ ማንም ሳያስወጣው ቀረ። ስሙን ያገነነለትን ነገር በገዛ ፈቃዱ ለዚያን ያህል ሰዓት መተው የሚችል ባለሙያ በየትኛውም መስክ ቢሆን ብርቅ ነው። ስለ ሳቺን ስጠየቅ ከ100ው ሴንቸሪ አንዱን ምረጥ ቢሉኝ የምመርጠው ይህን ነው።

እንከን የለበትም ማለቴ ግን አይደለም፤ ባልደረቦችዎ ቢቆጡም ይህን መናገር ይገባል። በአምበልነት ከመራቸው 25 ቴስቶች ያሸነፈው 4ቱን ብቻ ነው፤ በዝነኛው የለንደኑ ሎርድስ ሜዳ አንድም የቴስት ሴንቸሪ የለውም፤ 100ኛውን ሴንቸሪ ያገኘው ከአንድ ዓመት ገደማ ጥበቃ በኋላ በማርች 2012 ሲሆን፣ በዚያ ጨዋታ ሕንድ በባንግላዴሽ ተሸንፋለች። የአገር ሁሉ ወሬ ስለዚያ ቁጥር ብቻ መሆኑ፣ በእኔ አስተያየት፣ መጨረሻዎቹን ዓመታት ጎድቶታል። በ2010 ግዋሊዮር ላይ በአንድ ቀን ጨዋታ 200 በማስቆጠር የመጀመሪያው ሰው ነው ሲባልም፣ የአውስትራሊያዋ ቤሊንዳ ክላርክ ይህን በ1997 በሴቶች ጨዋታ ቀድማ ማድረጓ ይረሳል።

በኤፕሪል 2011 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሕንድ ከስሪላንካ ጋር ስትጫወት ፑኔ ነበርኩ። ሳቺን በ18 ራን ሲወጣ አዳራሹ ጭር አለ፤ ምግብ ያበስሉልን የነበሩት አዛውንት ብድግ ብለው ወደ ወጥ ቤታቸው ገቡ፤ ሕንድ ለማሸነፍ ገና ከ240 በላይ ራን ይቀራት ነበር። ወጣቶቹ ተማሪዎች ግን አልተነሡም። ጋውታም ጋምቢር 97፣ አምበሉ ዶኒ 91 አስቆጥረው ሕንድ ስታሸንፍ እኚያ ሰው ከጩኸቱ የተነሣ ተመልሰው መጡ፤ በቴሌቪዥኑም ኮህሊና ጓደኞቹ ሳቺንን በትከሻቸው ተሸክመው ሜዳውን ሲያዞሩት አየን። ውርሱ ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ እዚያ አዳራሽ ውስጥ የነበረው ልዩነት ነው። ሳቺንን እያየ ያደገው ትውልድ ያለ እርሱም ማሸነፍ ይቻላል ብሎ የሚያምን ሆነ፤ የዛሬው የሕንድ ቡድን በአንድ ሰው ላይ የማይንጠለጠለውም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። በኖቬምበር 2013 በዋንኬዴ ሲሰናበት መንግሥት የአገሪቱን ከፍተኛ የክብር ሽልማት ባራት ራትናን እንደሚሰጠው በዚያው ዕለት አስታወቀ፤ ከስፖርት ሰዎች የመጀመሪያው እርሱ ነው።

ከየት ልጀምር ላሉት፣ የሻርጃው 143 ቀላልና የሚያስደስት መግቢያ ነው፤ አጭር ማጠቃለያ ቪዲዮውም ይበቃል። ከዚያ በኋላ የቼናዩን 136 ይመልከቱ። የሲድኒውን ግን በማጠቃለያ አይዩት፤ ማጠቃለያ የሚያሳየው የተመቱትን ኳሶች ብቻ ስለሆነ በዚያ ተራ ዋናው ሥራ የነበረው፣ ሳይነካቸው ያሳለፋቸው ኳሶች ሁሉ ተቆርጠው ይወጣሉ። ረዘም ያለውን ቅጂ ካገኙ ከመጀመሪያው ሰዓት ይጀምሩ፤ ክሪኬት የሚያውቅ አንድ ባልደረባዎ አጠገብዎ ቢቀመጥ ደግሞ የበለጠ ይጠቀማሉ።