የእርጎ መረቁ ለምን አይብ ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ የደቡብ ሕንድ ኬረላ ሰዎች ሩዝ ላይ የሚያፈሱትን «ሞሩ ካሪ» የሚባል ቢጫ መረቅ እቤት ስሠራው እርጎው ይበጣጠስብኛል። ከላይ አይብ ከሥር ውሃ ይሆናል። ምን አጥፍቼ ነው? (አንባቢ፣ ከዱባይ)

መልስ፦ ሳያስቡት አይብ እያወጡ ነው። አሬራ ሲሞቅ አይቡና አጓቱ የሚለያየው በኮመጠጠ ወተት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሙቀት ሲያገኘው ተጨማድዶ ውሃውን ስለሚለቅ ነው፤ የእርስዎ ድስት ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። ስለዚህ እርጎው ከገባ በኋላ መረቁ መፍላት የለበትም።

የእርጎው ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ከፈላ ወተት የተሠራና ስቡ ያልወጣለት እርጎ ሙቀት ይችላል። ካልፈላ ወተት የረጋ እርጎ ቶሎ ይለያል፤ ስብ አልባ የሚባለውንም አይግዙ። እርጎው ገና ካልኮመጠጠ ደግሞ አንድ ሌሊት ከፍሪጅ ውጭ ይደር፤ ያለ ኮምጣጣነቱ ይህ ምግብ ጣዕም የለውም።

ለ4 ሰው ግማሽ ሊትር እርጎ ይበቃል። ከፍሪጅ አውጥተው ቅዝቃዜው ይልቀቀው፤ ከዚያ ጓል እስኪጠፋ ይምቱት። 250 ግራም ነጭ ዱባ (ከሕንድ ሱቅ ይገኛል፤ ከሌለ ዝኩኒ) በትንንሹ ቆርጠው በ1 ኩባያ ውሃ፣ በግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድና በ1 የሻይ ማንኪያ ጨው ይቀቅሉ። ዱባው እየበሰለ 1 ኩባያ የተፋቀ ኮኮናት፣ 2 ቃሪያ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ከሙንና 1 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት በጥቂት ውሃ ይፍጩ። እዚህ ላይ አይቸኩሉ፤ ኮኮናቱ በጣት መካከል ሲታሽ አሸዋ አሸዋ ካለ መረቁም ይሻክራል። የተፈጨውን ዱባው ላይ ጨምረው የጥሬነት ሽታው እስኪጠፋ 4 ደቂቃ ያህል ያፍሉት፤ መፍላት ያለበት ሁሉ እርጎ ሳይገባ መፍላት አለበት።

አሁን ድስቱን አውርደው 5 ደቂቃ ያቆዩት። እርጎውን እያማሰሉ ይጨምሩና በጣም ዝግ ባለ እሳት ይመልሱት። ማማሰያውን አያሳርፉ። ጠርዙ ላይ ስስ አረፋ ሲታይና እንፋሎት ሲጀምር ወዲያው ያውርዱ፤ አይክደኑት፣ የታፈነው ሙቀት ማብሰሉን ይቀጥላልና።

እሳትዎ ዝቅ የማይል ከሆነ የኬረላ ጎረቤት የሆነችው የታሚል ናዱ ሰዎች «ሞር ኩዛምቡ» በሚሉት አሠራር ይጠቀሙ፦ 1 የሾርባ ማንኪያ የሽምብራ ክክና 1 የሻይ ማንኪያ ሩዝ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፈው ከኮኮናቱ ጋር ይፍጩ። ስታርቹ ፕሮቲኑ እንዳይሰባሰብ ስለሚከለክለው ትንሽ ስህተት ይችላል። አንዴ የተለያየውን ብሌንደር መልሶ ያቀላቅለዋል፤ ልስላሴው ግን እንደ ፊተኛው አይሆንም።

ጥያቄ፦ መጨረሻ ላይ ቅመም የተጠበሰበትን ዘይት መረቁ ላይ ሳፈስበት መራራ ይሆናል። ለምን?

መልስ፦ አብሹ አሯል፣ ወይም በዝቷል። ለዚህ መጠን ሩብ የሻይ ማንኪያ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። 1 ተኩል የሾርባ ማንኪያ የኮኮናት ዘይት አግለው መጀመሪያ 1 የሻይ ማንኪያ የሰናፍጭ ፍሬ ይጨምሩ፤ መንጣጣቱ ሲበርድ አብሹን፣ 2 ደረቅ ቀይ ቃሪያና 10 ያህል የካሪ ቅጠል ያስከትሉ። አብሹ ወርቅማ ሲሆን ያውርዱ፣ ቡናማ እስኪሆን አይጠብቁ። ሰናፍጩ ሳይፈነዳ ከቀረም ይመራል፤ ዘይቱ ገና አልጋለም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የካሪ ቅጠል አላገኘሁም። በዱቄቱ ልተካው? ለጾምስ ይሆናል?

መልስ፦ የካሪ ዱቄት የቅመሞች ድብልቅ እንጂ የቅጠሉ ዱቄት አይደለም። ቢጨምሩት መረቁን ወደ ሌላ ወጥ ይወስደዋል፤ ቅጠሉ ከሌለ ዝም ብለው ይተዉት። በበሶብላ መተካትም አንመክርም።

ለጾም በእርጎው ፈንታ 400 ሚሊ ሊትር የኮኮናት ወተት ይሆናል፤ ከወረደ በኋላ የ1 ሎሚ ጭማቂ ይጨመርበታል። ሞሩ ካሪ ነው አንልም፤ ግን ኮምጠጥና ለስለስ ያለ፣ ከሩዝ ጋር የሚሄድ መረቅ ነው። የኮኮናት ወተትም በኃይል ሲፈላ ዘይቱ ስለሚለይ እሳቱ እዚህም ዝግ ይበል።

ጥያቄ፦ የተረፈውን እንዴት ላሙቀው?

መልስ፦ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርገው ሙቅ ውሃ ባለበት ድስት ላይ ያስቀምጡና እያማሰሉ ለብ ያድርጉት። ሩዙ ትኩስ ከሆነ ግን መረቁን ማሞቅም አያስፈልግም።