ተጎታች ለሚስብ አውቶማቲክ መኪና ተጨማሪ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አውቶማቲክ ፒካፕ አለኝ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ዕቃ የተጫነ ተጎታች አያይዤ መሄድ ጀምሬያለሁ። ሜዳ ላይ ምንም አይልም። ረዘም ያለ ዳገት ስጀምር ግን ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም፣ ቆይቶ ደግሞ የካምቢዮ ሙቀት መብራት ይበራል። የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ከመሃል ፍንክች አይልም። አንዱ መካኒክ ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ ይገጠምለት አለኝ። ሌላው በራዲያተሩ የሚያልፈውን የዘይት መስመር ጨርሰን አውጥተን በውጭ ማቀዝቀዣ ብቻ እናድርገው ይላል። ሻጩ ደግሞ "ትልቁን ውሰድ" ነው የሚለኝ። ማንን ልስማ? አንዴ ከተገጠመስ በኋላ እንደልቤ መጫን እችላለሁ?

መልስ፦ ይገጠምለት። ከፋብሪካው ለመጎተት ተብሎ ተዘጋጅቶ የመጣ ካልሆነ በስተቀር፣ ተጎታች የሚስብ አውቶማቲክ መኪና ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል። ግን ከመግዛትዎ በፊት ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ይወቁ፤ ያንን ሳያውቁ ቢገጥሙት ግማሽ ሥራ ነው የሚሆነው።

በሞተሩና በካምቢዮው መሃል ቶርክ ኮንቨርተር አለ። ኃይሉን የሚያስተላልፈው በዘይት ነው፤ አንዱ ወገን ዘይቱን ይገፋል፣ ሌላው በዘይቱ ተገፍቶ ይዞራል። ሁለቱ እኩል ሳይዞሩ ሲቀሩ ዘይቱ መሃል ላይ ይናጣል፣ ይግላል። ሜዳ ላይ ፍጥነት ሲይዙ ውስጡ ያለው መቆለፊያ ሁለቱን ያያይዛቸዋል፣ መንሸራተቱ ይቆማል፣ ሙቀቱም ይወርዳል። ዳገት ላይ ከነጭነቱ ሲሆኑ ግን መቆለፊያው ይለቃል። "ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም" ያሉት በአብዛኛው ይኸው ነው፤ ሞተሩ ከሚያወጣው ኃይል ብዙው እዚያው ዘይቱ ውስጥ ሙቀት ሆኖ እየቀረ ነው። የሞተሩ መለኪያ ዝም ያለውም ለዚህ ነው። እሱ የሚያነበው የራዲያተሩን ውሃ እንጂ የካምቢዮውን ዘይት አይደለም።

ዘይቱ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውስጥ ደህና ይሠራል። ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል ተብሎ ይታሰባል። 120 አካባቢ ሲደርስ እየተበላሸ ቫልቮቹ ላይ መጋገር ይጀምራል፣ 150 ሲገባ ደግሞ የጎማ ማሸጊያዎቹ ይደርቃሉ፣ ሸራዎቹም (ካምቢዮው ውስጥ ማርሾቹን የሚይዙት የፍሪሲዮን ሸራዎች) ይቃጠላሉ። መብራቱ የሚበራው ብዙ ጊዜ ነገሩ ከመሸ በኋላ ስለሆነ መብራት አይጠብቁ።

ስለዚህ አሁኑኑ ኮፈኑን ከፍተው የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ ዘንግ ይምዘዙ። ዘንግ የሌለው ዓይነት ከሆነ መካኒኩ ከሥር ይይልዎት። አንድ ጠብታ ነጭ ሶፍት ላይ ያድርጉና ይዩት። ቀይ ወይም ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ጥሩ ነው። ከጠቆረና የተቃጠለ ነገር ከሸተተ፣ ወይም ጣትዎ ላይ ሲያሹት ደቃቅ ብናኝ ከተሰማዎት፣ ሸራዎቹ ተበልተዋል ማለት ነው፤ ማቀዝቀዣ የተበላ ሸራ አያድንምና መጀመሪያ ካምቢዮው ይታይ።

አሁን ወደ ሁለቱ መካኒኮች ልምጣ። የብዙ መኪኖች የካምቢዮ ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ በተቀበረ ትንሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ አልፎ ነው። ዙሪያውን ያለው ውሃ ራሱ 90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ዘይቱን ከዚያ በታች ሊያወርደው አይችልም፤ ጉድለቱ ይህ ነው። ጥቅሙ ግን አይናቅ። 120 የደረሰን ዘይት ወደ 100 ለማውረድ ውሃ ከአየር የበለጠ ፈጣን ነው። ጠዋት ላይ ደግሞ ቀዝቃዛውን ዘይት ቶሎ ያሞቀዋል፤ ዘይቱ ካልሞቀ ብዙ ካምቢዮዎች መቆለፊያውን አይዘጉም። እኔ የምመርጠው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ከካምቢዮው መጀመሪያ ወደ ራዲያተሩ፣ ከራዲያተሩ ወደ አዲሱ ማቀዝቀዣ፣ ከዚያ ወደ ካምቢዮው ይመለስ። የመጀመሪያው መካኒክ ያለው ይህንን ከሆነ እሱን ይስሙ።

ሁለተኛው መካኒክ ግን ዝም ብሎ አልተናገረም። ራዲያተር ሲያረጅ የውስጡ ማቀዝቀዣ ይሰነጠቅና ውሃውና ዘይቱ ይቀላቀላሉ፤ ዘይቱም እንጆሪ የገባበት ወተት ይመስላል። ከእ.ኤ.አ. 2005 እስከ 2010 በተሠሩ አንዳንድ የኒሳን ፓዝፋይንደርና ኤክስቴራ መኪኖች ላይ ይህ ችግር በሰፊው የታወቀ ነው። የራዲያተር ውሃ ውስጥ ያለው ግላይኮል ሸራው የተለጠፈበትን ማጣበቂያ ስለሚያላቅቀው ካምቢዮው ብዙ ሳይሄድ ይሞታል። የእርስዎ ራዲያተር ያረጀ ከሆነ መስመሩን ከማውጣት ይልቅ ራዲያተሩን ቢቀይሩ ይሻላል እላለሁ። ምንም ቢሆን በውጭ ብቻ አደርገዋለሁ ካሉ ግን ቴርሞስታት ያለው መስመር ይግጠሙ፤ ዘይቱ እስኪሞቅ ድረስ ማቀዝቀዣውን ሳይነካ ይዞራል።

ትልቁን ውሰድ ያለው ሻጭ ብዙም አልተሳሳተም፤ ለመጎተት ከሚያንስ ቢተርፍ ይሻላል። ከመጠኑ በላይ ግን ዓይነቱን ይዩ። አንድ የተጣጠፈ ቱቦ ላይ ስስ ቆርቆሮ የተሰካበት ርካሹ ነው፤ ለቀላል ጭነት ካልሆነ አልመክርም። ሳህን በሳህን ላይ የተደረደረበት ዓይነት በዚያው ስፋት የበለጠ ያቀዘቅዛል። በዚያ ላይ ቀዝቃዛና ወፍራም ዘይት ሲመጣበት ለማለፍ አያስቸግርም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የክብደት መጠን ሲያነቡ የመኪናውን ብቻ ሳይሆን የመኪናውንና የተጎታቹን ድምር ያስቡ።

ገጠማው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚበላሸው፣ እዚህ ላይ መካኒኩ አጠገብ ይቁሙ። በማቀዝቀዣው ቆርቆሮ መሃል እየወጋ ከራዲያተሩ ጋር የሚያስር የፕላስቲክ ማሰሪያ አብሮ ይመጣል፤ አይጠቀሙበት፣ በንዝረት እየተፋተገ ይበሳል። በብረት ድጋፍና በቡሎን ከፊት ለፊት፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ይታሰር፤ የቱቦዎቹ አፍ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ይሁን፣ ወደ ታች ከሆነ አየር ይታፈንበታል። ቱቦው ለካምቢዮ ዘይት ተብሎ የተሠራ ይሁን። የነዳጅ ጎማ መጀመሪያ ደህና ይመስላል፣ በሙቀቱ ደርቆ የሚሰነጠቀው ግን መንገድ ላይ ነው። የብረት ቱቦው ተቆርጦ ጎማ የሚገባበት ከሆነ ጫፉ ላይ ዙሪያውን እብጠት ሊኖረው ይገባል። ልሙጥ ብረት ላይ የገባ ጎማ፣ ማሰሪያው የቱንም ያህል ቢጠብቅ፣ ግፊትና ሙቀት ሲበዛ ሊያመልጥ ይችላል፤ ካመለጠ ደግሞ ፖምፓው ዘይቱን በአጭር ጊዜ መሬት ላይ ይጨርሰዋል። ጎማው ከማርሚታና ከቺንጋ ይራቅ፣ ሲታጠፍም አይሰበር።

የሚመለሰው መስመር የትኛው ነው? መኪናው አድሮ ቀዝቅዞ እያለ ሞተሩን ያስነሱና ሁለቱን ቱቦዎች በእጅዎ ይዳስሱ። ቀድሞ የሚሞቀው ከካምቢዮው የሚወጣው ነው፣ አዲሱ ማቀዝቀዣ ደግሞ በሌላኛው ላይ ይገባል። ከገጠሙ በኋላ ዘይት ይጎድላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር፤ መኪናው የሚጠይቀውን ዓይነት ብቻ ይጨምሩ፣ አለካኩንም ከመኪናው መመሪያ ይዩ። ከልክ በላይ የተሞላ ዘይት አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ አያቀዘቅዝም።

ከማቀዝቀዣው ጋር የዘይት ሙቀት መለኪያ ይግዙ። ብዙ መኪኖች በመመርመሪያ መሣሪያም ይነበባሉ። ቁጥሩን እያዩ ሲነዱ አነዳድዎ ይቀየራል፤ ዳገቱ ሳይጀምር ማርሽ ይቀንሳሉ፣ ኦቨርድራይቩን (ለሜዳ የሚሆነውን ከፍተኛውን ማርሽ) ያጠፋሉ፣ የመጎተቻ ሞድ ካለው ይጠቀሙበታል። ካምቢዮው ከማርሽ ማርሽ እየተንከራተተ መቆለፊያውን ሲዘጋና ሲከፍት የሚፈጠረው ሙቀት ቀላል አይደለም። እንዲያም ሆኖ ከጋለ ጥግ ይያዙና ፒ ላይ ያድርጉት፤ ሞተሩን ግን አያጥፉ። ፖምፓው የሚዞረው በሞተሩ ስለሆነ ካጠፉት የጋለው ዘይት ባለበት ይቆማል።

እንደልብ ስለመጫን የጠየቁት፣ አይሆንም። የመጎተት አቅሙን የወሰነው ሙቀት ብቻ አይደለም፤ ፍሬኑ፣ ሻሲው፣ የኋላ አክሱሉና መንጠቆው ሁሉ አሉበት። ማቀዝቀዣ የተፈቀደልዎትን ጭነት ያለችግር እንዲስቡ ይረዳል፣ አንድ ኪሎ አይጨምርልዎትም።

ጥያቄ፦ የእኔ ትንሽ መኪና ናት፣ ካምቢዮዋ ሲቪቲ ነው፣ በማርሽ ፈንታ በቺንጋ የሚሠራው ዓይነት። ቀላል ተጎታች ልስብባት ፈልጌ ነበር። ለእሷም ይሠራል?

መልስ፦ እህታችን፣ መጀመሪያ መመሪያውን ያንብቡ። ብዙ ሲቪቲ መኪኖች ለመጎተት የተፈቀደላቸው በጣም ትንሽ ነው፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ አልተፈቀደላቸውም። የተፈቀደላት ከሆነ ማቀዝቀዣ ይጠቅማታል፤ ዘይቱ ግን የሲቪቲ ዘይት ብቻ ይሁን።

ጥያቄ፦ ካምቢዮዬ ተቃጥሎ ተጠገነልኝ። ማቀዝቀዣው የድሮው ነው፣ አይፈስም። ልቀይረው?

መልስ፦ ይቀይሩት። ካምቢዮው ሲበላ የወጣው ብናኝ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል። በተለይ ሳህን የተደረደረበት ዓይነት ከሆነ አጥቦ ማጽዳት አስቸጋሪ ነው፣ ብናኙም ቀስ እያለ ወደ አዲሱ ሸራ ይመለሳል። ራዲያተሩ ውስጥ ያለውም ያው ስለሆነ ቢያንስ በደንብ ይታጠብ፤ ቱቦዎቹም ይታጠቡ፣ በሚመለሰው መስመር ላይም ትንሽ ፊልትሮ ያስገቡበት።