አይጥ የተተከለባትን ዕጢ ለምን አትቀበልም? ጥያቄና መልስ ከጋሽ ኃይሉ ጋር

አዘጋጅ፦ አይጥ ላይ የተተከለ ዕጢ ጠፋ ማለት ካንሰር ዳነ ማለት ነው ወይ ብለን አራት ኪሎ ማኪያቶ ላይ የጀመርነው ክርክር ስላልተቋጨ፣ ብዙዎቻችንን ባዮሎጂ ያስተማሩንን ጋሽ ኃይሉን ጋብዘናል። ጠይቁ።

ቤቲ፦ ጋሽ ኃይሉ፣ አይጥ ላይ የተተከለ የካንሰር ዕጢ ጠፋ የሚል አነበብኩ። መድኃኒት ተገኘ ማለት ነው?

ጋሽ ኃይሉ፦ መጀመሪያ የአይጦቹን ዘር፣ ማለትም የትኛው የዘረመል መስመር እንደሆኑ ጠይቂ። የሰጪዋና የተቀባይዋ ዘር ከተለያየ፣ ዕጢው የጠፋው ባዕድ ስለሆነ ነው። ጤነኛ ቆዳ ብትተክዪም ያው ነው።

ዮናስ፦ የሚገድሉት የትኞቹ ሴሎች ናቸው?

ጋሽ ኃይሉ፦ በዋናነት ቲ ሴሎች፣ የሰውነት መከላከያ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ከእነሱ ሲዲ8 የሚባሉት የዕጢውን ሴል ተጠግተው ፐርፎሪን በሚባል ፕሮቲን ይበሱታል፣ ግራንዛይም የሚባል ገዳይ ኢንዛይም ያስገቡበታል፣ ሴሉ ይሞታል።

ሰላም፦ ባዕድነቱን ትተን፣ ካንሰርነቱን ራሱን ይለዩታል ወይ?

ጋሽ ኃይሉ፦ ጎሽ! እንዲህ ነው መጠየቅ። ፕሬንና ሜይን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1957 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን ልንገርሽ። ወንድምና እህት እየተዳቀሉ የተገኙ፣ አንዷ የሌላዋን ቆዳ የምትቀበል አይጦች ወሰዱ። ሜቲልኮላንትሪን በሚባል ኬሚካል የተነሳ ዕጢ ተከሉባቸው፤ ካደገ በኋላ ቆርጠው አወጡት። ያንኑ ዕጢ ደግመው ሲተክሉ አልበቅል አለ። ዕጢው መጀመሪያ ከተነሳባት አይጥ የመጣ ጤነኛ ቆዳ ግን ያዘ። ስለዚህ ቲ ሴሎቹ የለዩት ዘርን አልነበረም፤ ዕጢው ላይ ብቻ ያለ ነገር ነበር። ያለ ኬሚካል በራሱ ጊዜ በተነሳ ዕጢ ግን ይህን አላገኙም። ይህችን ሁልጊዜ ትዘሏታላችሁ!

ብሩክ፦ ወንድምና እህት? ኧረ እኛ ሰባት ቤት እንቆጥራለን!

አልማዝ፦ አይጥ ቤት ትቆጥራለች እንዴ? ደግሞ ሰባት የሁሉም አገር ልማድ አይደለም።

ብሩክ፦ የማን አይደለም? አያቴን ጠይቂ።

ጋሽ ኃይሉ፦ አይጦቹ ቢያንስ 20 ትውልድ ይዳቀላሉ። ሰባት ቤቱን ለሽማግሌ ተዉት።

ተስፋዬ፦ ዳማከሴስ ለካንሰር?

ጋሽ ኃይሉ፦ ሐኪም ጠይቅ።

ሄኖክ፦ ቤተ ሙከራ ውስጥ ዕጢ የሚተከልባቸው ፀጉር አልባዎቹ አይጦችስ?

ጋሽ ኃይሉ፦ ቲ ሴል የሚበስልበት ታይመስ የሚባል የደረት ዕጢ ስለሌላቸው ቲ ሴል በወጉ አይበስልላቸውም፤ ስለዚህ ባዕድ ዕጢ ይቀበላሉ። በ1969 እ.ኤ.አ. የሰው የአንጀት ካንሰር ተተክሎባቸው አድጓል። ኤንኬ ሴል የሚባል ሌላ ገዳይ የመከላከያ ሴል ግን አላቸው፤ «መከላከያ የለሽ» አትበሉ።

ማርታ፦ ይቅርታ፣ አሁን ነው የገባሁት። ዕጢው ከጠፋ ካንሰር ይድናል ማለት ነው?

ጋሽ ኃይሉ፦ ከላይ አንብቢ። ዘሩን! የአይጦቹን ዘር!

ዮናስ፦ ዘሩ አንድ ከሆነስ?

ጋሽ ኃይሉ፦ ያኔ ዕጢውን ምን እንዳስነሳው ጠይቅ። ስንት ሴል እንደተተከለም። ብዙ ከተተከለ፣ ዕጢው አስቀድሞ ተተክሎባት መከላከል የተለማመደችውም አይጥ ትሸነፋለች።