ብርድ እንዳይመታው ብዬ ልጄን ከቤት አላወጣውም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ወንድ ልጄ 10 ወር ሆኖታል። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ነፋሱ ኃይለኛ ስለሆነ ብርድ እንዳይመታው ብዬ ውጭ አላወጣውም፤ ጠዋት ጠዋት ግን በመስኮቱ መስታወት በሚገባው ፀሐይ አሞቀዋለሁ። እስካሁን ጥርስ አላበቀለም፣ ካልደገፍኩት አይቀመጥም፣ ሲተኛ ራሱን በጣም ያልበዋል። ጎረቤቴ በነገረችኝ መሠረት ከወር በፊት የቫይታሚን ዲ አምፑል ከፋርማሲ ገዝቼ አጠጣሁት። ልድገምለት?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ አምፑሉ ነው፤ እንቅልፍ የነሳዎት ግን «ልጄ ሳይሄድ ይቀር ይሆን?» የሚለው ይመስለኛል። የጻፏቸው ምልክቶች ሪኬትስን ያስጠረጥራሉ፤ በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣ የአጥንት መልፈስፈስ ማለት ነው። እሱ ከሆነ በዚህ ዕድሜ በደንብ ይታከማል፣ ልጅዎም ይሄዳል። ራስዎን አይውቀሱ። የጡት ወተት ራሱ ቫይታሚን ዲ በጣም ጥቂት ነው ያለው።

የመስኮቱ ፀሐይ ግን አልጠቀመውም። ቆዳ ቫይታሚን ዲ የሚሠራበት ጨረር መስታወት አያልፍም፤ ሙቀቱና ብርሃኑ ብቻ ነው የሚገባው። የ13 ወር ፀሐይ ባለበት አገር ይህን በሽታ የምናየው ልጆቻችን ቤት ስለሚውሉ፣ ሲወጡም በጋቢ ተጠቅልለው አፍንጫቸው ብቻ ስለሚታይ ነው።

አሁን ወደ ብርዱ ልምጣ። የሳንባ ምች የሚመጣው ከጀርም ነው፤ ጠዋት በረንዳ ላይ ከነካው ነፋስ አይመጣም። በር ዘግቶ ከሰል ማያያዝ ለሕፃን ሳንባ ከዚያ ነፋስ እጅግ የከፋ ነው። እንዲያውም ቤት መዋሉ ነው የሚያጋልጠው፦ የጎድን አጥንቱ ሲለሰልስ ደረቱ አየር በኃይል ስቦ አክታ ማስወጣት ያቅተዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ተሠርቶ በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ሪኬትስ ያለባቸው ሕፃናት በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸው 13 እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል።

ስለዚህ ይህችን ይያዙልኝ። ልጁ ሳል ወይም ትኩሳት ከጀመረው፣ ሳያለቅስ ወይም ተኝቶ ሳለ ልብሱን ገለጥ አድርገው ስልክዎ ላይ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይዘው ትንፋሹን ይቁጠሩ። በ10 ወሩ 50 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ወይም ጡት እምቢ ካለ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ሌሊትም ቢሆን። «ብርድ መቶት ነው፣ ይለቀዋል» እየተባለ በቅባት እየታሸ አድሮ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ የሚመጣልን ሕፃን ብዙ ነው። እባክዎን አይጠብቁ።

አምፑሉን አይድገሙ። ለሕፃን በቀን የሚበቃው 400 ዩኒት ነው፤ ገበያ ላይ ያለው አንዳንዱ አምፑል ግን እስከ 600,000 ይይዛል። ሲደጋገም በደም ውስጥ ካልሲየም ከፍ ብሎ ኩላሊት ይጎዳል። ጎረቤትዎ በቅንነት ነው የነገረችዎት፤ የልጅ መድኃኒት ግን በጎረቤት አይታዘዝም፣ ያለ ሐኪም ወረቀት የሸጠልዎትም ሰው ሊሸጥልዎት አይገባም ነበር። ማስታወክ፣ የሆድ ድርቀት ወይም ሽንት መብዛት ካዩ ዛሬውኑ ያሳዩት። ባይኖርም ይህ ሳምንት ሳያልፍ ሕፃናት ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት፤ የእጁን አንጓ ራጅ ያነሱታል፣ ደሙንም ያዩታል። የአምፑሉን ካርቶን አይጣሉ፤ ምን ያህል እንደወሰደ የሚያውቁት ከእሱ ነው።

ፀሐዩን ግን ከነገ ይጀምሩ። ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ግቢ ወርደው ነፋስ የማይነካው ጥግ ይፈልጉ። በዳይፐር ብቻ አስቀርተው ፊቱን ከጨረሩ አዙረው 15 ደቂቃ ያህል ያቆዩት፤ ቆዳው ሳይቀላ ቀስ በቀስ ይጨምሩ። ቅባቱ ከፀሐዩ በኋላ ይድረስ። እርስዎም እጅጌዎን ሰብስበው አብረውት ይቀመጡ፤ ከወሊድ ወዲህ ቤት የዋለች እናት አጥንቷም መንፈሷም ፀሐይ ይፈልጋል። ክረምት ላይ ሰማዩ ሲዳምን የቫይታሚን ዲ ጠብታ ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪሙን እዚያው ይጠይቁት።