የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የአየር ንብረት ፈንድን በገለልተኝነት መገምገም

በማደግ ላይ ያሉ አገሮች የአየር ንብረት ለውጥን እንዲቋቋሙና ልቀት እንዲቀንሱ ገንዘብ የሚሰጠው አረንጓዴ የአየር ንብረት ፈንድ የራሱ ገለልተኛ የግምገማ ክፍል አለው። ስለ ክፍሉና ስለ ግምገማ አቀዳድ ከደረሱን ጥያቄዎች ለአራቱ መልስ ሰጥተናል። ወራትና ዓመታት በተለየ ካልተገለጸ በቀር እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ እንደ ሐምሌና ጥር ባሉ የአማርኛ ስሞች የተጠሩት ወራት ግን የኢትዮጵያ ናቸው።

የግምገማ ክፍሉ ገንዘብ የሚያገኘው ከሚገመግመው ፈንድ ነው። ታዲያ ገለልተኛነቱ ምኑ ላይ ነው? (የልማት ጥናት ተማሪ፣ አዲስ አበባ)

ገንዘቡ ከአንድ ካዝና መውጣቱ እውነት ነው። መታየት ያለበት ኃላፊውን ማን ይሾማል፣ በጀቱን ማን ያጸድቃል፣ ሪፖርቱስ ለማን ይቀርባል የሚለው ነው። የፈንዱን የዕለት ተዕለት ሥራ የሚያካሂደው ደቡብ ኮርያ፣ ሶንግዶ የሚገኘው ሴክሬታሪያት ሲሆን የበላይ ውሳኔ የሚሰጠው 24 አባላት ያሉት ቦርድ ነው፤ 12ቱ ካደጉ፣ 12ቱ በማደግ ላይ ካሉ አገሮች የተወከሉ ናቸው። የግምገማ ክፍሉ ተጠሪነቱ ለቦርዱ ነው። ኃላፊውን የሚሾመውም፣ ዓመታዊ ዕቅዱንና በጀቱን የሚያጸድቀውም ቦርዱ ነው።

ይህ በወረቀት የተጻፈ ነጻነት የሚሸረሸረው ግን አብዛኛውን ጊዜ በዕቅድ ወቅት ነው። የሚጎበኙትን አገሮች ተገምጋሚው ከመረጠ፣ ወይም «ይሄ ርዕስ ገና ነው፣ ለከርሞ ይሁን» ብሎ ካስገፋ፣ ሪፖርቱን ማንም ሳይነካው ውጤቱ አስቀድሞ ተወስኗል ማለት ነው። ስለዚህ የአገር መምረጫ መስፈርቱ (አህጉር፣ የመንግሥት ወይስ የግል ዘርፍ፣ ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር መላመድ ወይስ ልቀት ቅነሳ፣ የፕሮጀክቱ ዕድሜ) የአገሮቹ ስም ከመነሣቱ በፊት ተጽፎ ይቀመጥ። ሴክሬታሪያቱ በረቂቁ ላይ የሚሰጠው አስተያየት የቁጥርና የፍሬ ነገር ስህተት ለማረም ነው። በግኝቱ ካልተስማማ የአመራር ምላሽ በሚባለው በራሱ ሰነድ ሐሳቡን ያስፍር። የቀረበው አስተያየት ሁሉ ተቀባይነት ያገኘበት ወይም ያላገኘበት ምክንያት በሰንጠረዥ ይመዝገብ።

ቢጋራችን (የግምገማውን ዓላማና ወሰን የሚዘረዝረው ሰነድ) ላይ «ስድስት ወር» ይባላል፤ ሥራው ግን ሁሌም ይዘገያል። ትክክለኛው ጊዜ ስንት ነው? (አማካሪ፣ ናይሮቢ)

ፈንዱን በሙሉ ለሚመለከት ግምገማ ስድስት ወር አይበቃም፤ ዓመት ያህል ይያዙለት። ሲያቅዱም ከውሳኔው ቀን ተነሥተው ወደ ኋላ ይቁጠሩ።

ቦርዱ በኦክቶበር አጋማሽ ይሰበሰባል እንበል። ሰነዶች ከስብሰባው 21 ቀን ቀድመው ለአባላት መድረስ ስላለባቸው ሪፖርቱ በሴፕቴምበር ሦስተኛ ሳምንት ያለቀ መሆን አለበት። ለአርትዖትና ለገጽ ቅንብር ሁለት ሳምንት፣ ለአስተያየትና ለእርማት አራት ሳምንት ሲቀነስ ረቂቁ በኦገስት መጀመሪያ መድረስ ይኖርበታል። ለትንተናና ለጽሑፍ ሰባት ሳምንት፣ ለቃለ መጠይቅና ለአገር ጉብኝት ሦስት ወር፣ ለመነሻ ሰነዱ (የግምገማው ጥያቄና ዘዴ ለሚዘረዘርበት) ሁለት ወር ሲደመር እስከ ጃንዋሪ ይወስደናል። ከዚያ በፊት ጨረታው አለ፤ እሱ ብቻውን ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይበላል። የሚመጣው ዓመት በጀት የሚጸድቀው ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ስብሰባ ላይ ነው። ስለዚህ ቢጋሩና የጨረታ ሰነዱ በጀቱ ከመጽደቁ በፊት ተዘጋጅተው መጠበቅ አለባቸው፤ በጀቱ እንደጸደቀ የሚቀረው ውል መፈራረም ብቻ ይሁን።

መዘግየቱ የሚጀምረው ከጨረታው ነው፤ የሚጎዳው ግን የመስክ ሥራው ነው። የቦርዱ ቀን ስለማይነቃነቅ ከጉብኝቱ ጊዜ ይቆረጣል። ቀሪው ቃለ መጠይቅ በዙም ከዋና መሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር ይሆናል፤ የገበሬውና የአርብቶ አደሩ ድምፅ ከሪፖርቱ ይጠፋል። ከዚህ የከፋ የዕቅድ ጉድለት የለም።

የመረጃ መቁረጫ ቀንም ከመጀመሪያው ይወሰን። ቦርዱ በተሰበሰበ ቁጥር አዳዲስ ፕሮጀክቶች ስለሚጸድቁ «እስከ ማርች ስብሰባ የጸደቁት ብቻ» ተብሎ ካልተዘጋ ምዕራፍ ሁለትና ምዕራፍ አምስት የተለያየ ድምር ይዘው ይወጣሉ። ግምገማው የሚመልሳቸውን ዋና ጥያቄዎችም ከሰባት አያሳልፏቸው።

የውሳኔው ቀን ምን ያህል እንደሚመዝን ሁለተኛው የፈንዱ አጠቃላይ አፈጻጸም ግምገማ ያሳያል። በ2023 መጀመሪያ የቀረበው ቦርዱ የ2024–2027 ስትራቴጂክ ዕቅድን በጁላይ ከማጽደቁ፣ ለጋሾችም በኦክቶበር በጀርመን ቦን ከተማ ገንዘብ ለመስጠት ቃል ከመግባታቸው በፊት ነበር። ከዚያ ቢዘገይ ኖሮ ለታሪክ የሚቀመጥ ሰነድ ብቻ በሆነ ነበር።

ወረዳችን በፈንዱ የሚደገፍ የውኃ ፕሮጀክት አለው። ገምጋሚዎች ይመጣሉ ተብሏል፤ ምን እናዘጋጅ? (የወረዳ ባለሙያ)

በ2017 ለኢትዮጵያ የጸደቀውን የድርቅ መቋቋም ፕሮጀክት ዓይነት ይመስለናል፦ 45 ሚሊዮን ዶላር ከፈንዱ፣ 5 ሚሊዮን ከመንግሥት፤ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የውኃ ፓምፕ፣ አነስተኛ መስኖና የተጎዳ መሬት ማገገሚያ ያለው፣ በገንዘብ ሚኒስቴር በኩል የሚመራ። በመጀመሪያ የሚመጣው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። የአጋማሽና የማጠቃለያ ግምገማ የሚያስደርገው ፕሮጀክቱን የሚመራው ተቋም ነው፤ ገለልተኛው ክፍል የሚመጣው አካባቢያችሁ ለሰፊ ጥናት በናሙናነት ሲመረጥ ነው።

ብዙ ቦታ የሚያደናግረው የበጀት ዓመት ነው። ለፈንዱ የሚቀርበው ዓመታዊ ሪፖርት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ያለውን ይይዛል፤ የእናንተ መዝገብ ግን ከሐምሌ እስከ ሰኔ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ2015 በጀት ዓመት ክንውን (ከሐምሌ 2014 እስከ ሰኔ 2015 ዓ.ም.) ሁለት የፈንዱ ሪፖርቶች ላይ ይከፈላል። መዝገቡን በወር ከፋፍላችሁ ካስቀመጣችሁ ቁጥሩ በቀላሉ ይታረቃል። ለእያንዳንዱ ፓምፕ የተተከለበትን ቀን፣ ውኃ መስጠት የጀመረበትን ቀንና የቆመባቸውን ቀናት ለየብቻ ጻፉ፤ «ተተክሏል» ማለት «ይሠራል» ማለት አይደለም።

ጉብኝቱ በሰኔ የሒሳብ መዝጊያ ወይም በክረምት እንዳይሆን አሳስቡ። ለድርቅ ፕሮጀክት ጥርና የካቲት ጥሩ ናቸው፤ በጥቅምትማ ብዙው ጉድጓድ ውኃ አለው። መንገድ ማሳየት የእናንተ ሥራ ነው፤ ነዋሪው ሲጠየቅ ግን አጠገቡ አትቀመጡ። ሴቶችም ለብቻቸው ይጠየቁ።

ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ ያመጣውን ለውጥ መለካት ይቻላል? (የስታቲስቲክስ ባለሙያ፣ ስቶክሆልም)

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የነበረውን ሁኔታ የመዘገበ መነሻ ጥናት ከሌለ እጅግ ያስቸግራል። የግምገማ ክፍሉ ከ2018 ጀምሮ አንዳንድ ፕሮጀክቶችን ገና ሲጀመሩ ይዞ የሚከታተልበት መርሐ ግብር ያቋቋመው ለዚህ ነው። ሥራው በዙር የሚስፋፋ ከሆነ መጀመሪያ የሚገቡት ቀበሌዎች በዕጣ ይለዩ፤ ተራ የሚጠብቁት ማወዳደሪያ ይሆናሉ።

በናሙና ላይ የሚሳሳቱ ብዙ ናቸው። 10 ቀበሌ ገብቶ በየቀበሌው 100 አባወራ መጠየቅና 50 ቀበሌ ገብቶ 20 አባወራ መጠየቅ ሁለቱም 1,000 መጠይቅ ነው። የአንድ ቀበሌ ሰዎች ግን ዝናቡንም ገበያውንም ይጋራሉ። የመመሳሰል መጠኑ (የአንድ ቀበሌ ሰዎች ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ ከ0 እስከ 1 የሚለካው ቁጥር) 0.05 ቢሆን የመጀመሪያው ናሙና የሚሰጠው መረጃ በዕጣ ተበታትነው ከተመረጡ 168 ያህል አባወራዎች ከሚገኘው አይበልጥም፤ የሁለተኛው 513 ይደርሳል። በጀት ሲያዝ እንግዲህ ብዙ ቀበሌ ለመድረስ የሚያስችል የተሽከርካሪና የነዳጅ ወጪ ቀድሞ ይታሰብ።